ሰኞን ረቡዕ ያልኩበት ቀን

ሐዲዱን ነቀሉት፤ በቦታው ደቃቅ ጠጠር አፈሰሱ፤ በግራና በቀኝ ችግኝ ተከሉ፤ በየሁለት መቶ ሜትሩ አግዳሚ ወንበር አስቀመጡ። አሁን ሰው ለጤናው ይሄድበታል። ሐኪም ስኳር አለብህ፣ ደም ግፊት አለብሽ ያለው ሁሉ በጠዋት ነጭ ጫማውን አጥልቆ ይመጣል፤ ባልና ሚስት ጎን ለጎን እየተራመዱ ይነታረኩበታል፤ ልጆች ብስክሌት ይለማመዱበታል። ማዘጋጃ ቤቱ «የቀድሞው የባቡር መስመር የእግር መንገድ» ብሎ ሰይሞታል። ክፉ ሥራ ሠሩ አልልም። እኔ ራሴ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዬ ላይ ጎብጬ ስለምውል ወገቤ መንገድ ይለምነኛል። ግን ከኩርባው አልፌ አላውቅም።

ኩርባው ላይ ሰሌዳ አለ። ፎቶግራፍና ካርታ ካላቸው ከሌሎቹ ሰሌዳዎች ይህኛው አጭር ነው። በዚህ ቦታ የጠዋቱ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዎች እንደሞቱ፣ የአደጋው ምክንያት የዕለቱ ሐዲድ ጠባቂ መስመሩን በሙሉ ሳያይ «ታይቷል» ብሎ ማሳለፉ እንደሆነ፣ መስመሩም ከዚያ በኋላ እንደተዘጋ ይናገራል። የሐዲድ ጠባቂውን ስም አልጻፉም። ይሉኝታ ይዟቸው ይሆናል። እኔ ግን ስሙን አውቀዋለሁ፤ አባቴ ነው። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማስፋቅ ሦስት ወር ሙሉ የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ሰባት ዓመት ወደሞላኝ ጊዜ ልመልሳችሁ።

የምንኖረው መኪና መንገዱና ሐዲዱ በሚቋረጡበት ቦታ፣ ኩባንያው ለሠራተኞቹ በሠራው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ባቡር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያውቁት ብርጭቆዎቻችን ነበሩ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ እርስ በርሳቸው መነካካት ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ መስኮቱ፣ ቀጥሎ አልጋዬ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። እማዬ በዚያ ሰዓት ወሬ ከጀመረች አፏን እንደከፈተች ቆማ ትጠብቃለች፤ ባቡሩ ሲያልፍ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች። እኔ የሰው እናት ሁሉ እንዲህ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።

አባዬ ሐዲድ ጠባቂ ነበር። ትምህርት ቤት ሲጠይቁኝ ሐዲድ እንዳይሰረቅ ይጠብቃል እላለሁ፤ ሌባው ያን ሁሉ ብረት በየትኛው ትከሻው ተሸክሞ እንደሚሮጥ አስቤው አላውቅም። ሥራው ሐዲዱን በየጠዋቱ ማየት ነበር። እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ ትከሻው ላይ፣ የብሎን መፍቻ ቀበቶው ላይ አድርጎ ጎህ ሲቀድ ይወጣል። ከቤታችን እስከ ጣቢያው ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ሲሄድ በወንዙ በኩል ያለውን ሐዲድ ያያል፤ ሲመለስ በኮረብታው በኩል ያለውን። አንድ ሰው ሁለት ሐዲድ በአንድ ጊዜ አያይም፣ አያለሁ ካለ አንዱንም አላየም ይል ነበር። ደርሶ ሲመለስ ከቤታችን አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ገብቶ የስልኩን እጀታ ያሽከረክርና ለጣቢያው ሹም «ሁለቱም ታይቷል» ይላል። ሹሙ ይህን ሳይሰማ ባቡሩን አይለቅም። ደህና አደርክ እንኳ አይባባሉም ነበር።

ትምህርት ቤቴ ጣቢያው አጠገብ ስለነበር በየጠዋቱ አብሬው እሄዳለሁ። እሱ ሐዲዱን መታ እያደረገ ያዳምጣል። ጤነኛ ሐዲድ ሲመታ ይዘምራል፤ ስንጥቅ ያለበት ግን ያጉረመርማል ብሎ አስተምሮኛል፤ የሚያጉረመርም ግን አብረን ሰምተን አናውቅም። እኔ ከኋላው ሐዲዱ ሥር ከተጋደመው እንጨት ወደ እንጨት እየዘለልኩ አወራለሁ። ወሬ አይነጥፍብኝም ነበርና ስሜ «ሬዲዮ» ሆኖ ቀርቷል። መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ብረቱ ይበልጥ ይጎዳል ይባላል፤ እዚያ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ ሬዲዮኔ እስቲ ለአንድ ኩርባ ያህል ዝጊልኝ ይለኛል። እዘጋለሁ። ኩርባው ሲያልቅ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ፤ በዚህስ እማዬን ወጥቻለሁ።

ከአደጋው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። ክራቫት አስረዋል፤ ደብተር ይዘዋል። ጠረጴዛችን አጠገብ ተቀምጠው እማዬን ባለቤትሽ ይጠጣል ወይ፣ በሰዓቱ ይነሳል ወይ እያሉ ጠየቋት። እኔንም አባትሽን ትወጂዋለሽ ወይ አሉኝ፤ እጄን ዘርግቼ እስከዚህ ድረስ አልኳቸው፤ ሳቁና ጻፉት። ከሳምንት በኋላ አባዬ ለአሥር ዓመት ያለ ጥፋት አገልግሎት ተብሎ የነሐስ ቁልፍ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ተሸለመ። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ጨርቁን ዳሰሰው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ገባኝ፤ ክራቫትና ደብተር ያለው ሰው ከመጣ፣ ስለ አባቴ ጥሩ ጥሩውን ከነገርኩት፣ ካፖርት ይመጣል። የስድስት ዓመት ልጅ ዕውቀት ይህን ያህል ነው፤ ያቺኑ ግን አጥብቄ ይዣት ቆየሁ።

ሰኞ ነበር። ከቤት ስንወጣ ራሴን አሞኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። ኩርባው ላይ ዝጊ ሳይለኝ ዝም አልኩ፤ ያኔውኑ ዞር ብሎ ዐየኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ አስመለሰኝ፤ ጫማውንም አበላሸሁበት። አስተማሪዋ ግንባሬን ነክታ ይህች ልጅ እሳት ሆናለች፣ ወደ ቤቷ ትመለስ አለች። አባዬ እኔን ዐየ፤ ከዚያ ሐዲዱን ዐየ፤ እንደገና እኔን ዐየ። እኔ ያኔ የትኛው መንገድ እንደሚቀርብ እያሰበ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ያ አቋቋሙ በየቀኑ ይመጣብኛል።

በጀርባው አዘለኝ። የመዶሻውን እጀታ ከኋላው አጋድሞ በሁለት እጁ ያዘውና መቀመጫ አደረገልኝ። በሐዲዱ ላይ ብንሄድ ጠጠሩ ይጥለናል ብሎ በማሳው መሃል በምታቋርጠው መንገድ ገባ። መንገዱን ሙሉ ባቡር ሆነ። እያፏጨ ይነሳል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ይቆማል፤ ቲኬት አለሽ ወይ ይለኛል፤ የለኝም ስለው በሚቀጥለው ጣቢያ አወርድሻለሁ ይላል። ትኩሳትሽ ለባቡሩ ማሞቂያ ይበቃል፣ ከሰል አያስፈልገንም አለ። ጉንጬን አንገቱ ላይ ለጥፌ ነበር፤ አንገቱ ላብና ብረት ብረት ይሸታል። ልጅነቴን በሙሉ ከወሰዳችሁ በኋላ አንድ ቀን ምረጪ ብትሉኝ ያንን እመርጣለሁ። ያኔም መርጬው ነበር፤ ጉዴ የፈላውም በዚያው ነው።

ቤት ሲያደርሰኝ አልጋዬ ላይ አጋድሞኝ ወጣ። ከቆርቆሮዋ ክፍል ድምፁ መጣ፤ «ሁለቱም ታይቷል።» በኮረብታው በኩል ያለውን አላየም። ይህ እውነት ነው፤ አልደብቀውም። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን፣ ልጁ ታማበት፣ አላየውም። ባቡሩ መጣ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፤ አለፈ። ምንም አልሆነም።

ማክሰኞም ተኝቼ ዋልኩ፤ ረቡዕም። ረቡዕ አባዬ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ሄደ። ሲመለስ ስልኩን ሰማሁ፤ ቀጥሎ ገብቶ የቀዘቀዘ እጁን ግንባሬ ላይ አደረገ። በማሳው መሃል ቢመጣ ኖሮ ፀሐይዋ ገና መስኮታችን ጋ ሳትደርስ ይገባ ነበር፤ እሱ ግን የገባው ፀሐይ መስኮቱ ላይ ስትወጣ ነው፤ ሁልጊዜ በሚመጣበት ሰዓት። ይህን አሁን ነው የማሰላው። ያኔ ያሰብኩት እጁ እንደሚቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ብርጭቆዎቹ መነካካት ጀመሩ። መስኮቱ ሳይጀምር ዝም አሉ። ከዚያ ከኩርባው በኩል ድምፅ መጣ፤ ረጅም ነበር፤ ብዙ ዕቃ ከደረጃ ላይ ሲንከባለል የሚሰማውን ይመስላል። እማዬ አፏን እንደከፈተች ቆማ ባቡሩ እስኪያልፍ ጠበቀች። አላለፈም። እኔም ባቡሩ የረሳው ነገር ኖሮ የተመለሰ መሰለኝ። አባዬ መዶሻውን ጥሎ ሲሮጥ በመስኮት ዐየሁት። ሲሮጥ አይቼው ስለማላውቅ ሳቅኩ።

የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ልብሱ ዘይትና ደም ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ እማዬ ውሃ ታፈሳለች፣ እሱ ይታጠባል፤ ውሃው ጠራ፣ እሱ ግን ይታጠባል። ወተት የምታመጣልን ጎረቤት ከአጥር ውጪ ቆማ ለሌሎቹ ስታወራ ሰማኋት። በመስኮት ገብቶ አሥራ አንድ ሰው በገዛ እጁ አውጥቷል አለች፤ እሱ ባይኖር የሟቹ ቁጥር ሃያ ይሆን ነበር አለች፤ ጀግና ነው አለች። ነጂው ሞቷል፣ ቲኬት ቆራጩም ሞቷል አለች። እኔ ከዚህ ሁሉ ወሬ ለይቼ የያዝኩት ጀግና የሚለውን ነበር።

ስለዚህ አርብ ዕለት ክራቫት ያሰሩ ሰዎች ሲመጡ ለምን እንደመጡ ገባኝ። ለአሥር ዓመት ካፖርት ከሰጡ ለአሥራ አንድ ሰው ምን ሊሰጡ ነው ብዬ ልቤ ይዘላል። አባዬ ጣቢያው ተጠርቶ ሄዶ ነበር። አንዱ ሰውዬ እማዬን ግቢ ውስጥ አቁሞ ያናግራታል። መነጽር ያደረገው ወደ እኔ ገባ፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከረሜላ ሰጠኝ። ደግ ሰው ነበር። ክፉ ቢሆን ኖሮ ምንም አልነግረውም ነበር።

«ረቡዕ ጠዋት አባትሽ ምን አደረገ?» አለኝ።

አሰብኩ። ረቡዕ ምን አደረገ? ሄደ፣ መጣ፣ እጁ ቀዝቃዛ ነበር። ለዚህ ካፖርት ይቅርና አንድ ቁልፍ አይሰጡም።

«አሞኝ በጀርባው አዝሎ አመጣኝ» አልኩት።

እስክሪብቶው ቆመ። «ረቡዕ ነው ይሄ?»

ሰኞ መሆኑን አውቅ ነበር። ልጅ ናት ቀን ተምታቶባት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ሌሎችም ብለውኛል፤ ሊያጽናኑኝ። አልተምታታብኝም። የሳምንቱን ቀናት ከፊት ወደ ኋላም ከኋላ ወደ ፊትም መጥራት እችል ነበር። ሰውዬው ረቡዕን ፈለገ፣ እኔ ያለኝ ጥሩ ቀን ሰኞ ነው፤ ብቀይረው ማንን ይጎዳል አልኩ።

«አዎ፣ ረቡዕ» አልኩት።

በሐዲዱ ላይ ነው ወይ የመጣችሁት አለኝ። በማሳው መሃል ነው፣ በአቋራጭ፣ ጠጠሩ እንዳይጥለን አልኩት። የቲኬቱን ቀልድ ጨመርኩለት፤ ማሞቂያውን ጨመርኩለት። እሱ እየጻፈ፣ እኔ እየደመቅኩ ሄድን። ሲጨርስ ስምሽን መጻፍ ትችያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ምላሴን አውጥቼ በትልልቅ ፊደል ከታች ጻፍኩለት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ። ያን ቀን ግን እኔ ያቦካሁት ለዘጠኝ ሬሳ በቃ።

የትምህርት ቤቱ መዝገብ ደግሞ አገዘኝ። ረቡዕ ቀርታለች ይላል፤ ሰኞም ማክሰኞም ቀርታለች ይላል፤ ታማለች ይላል። አስተማሪዋን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ቅዳሜ አባዬን እንደገና ጠሩት። ካፖርቱን ለብሶ ወጣ፤ እኔም ሽልማት ሊቀበል ነው ብዬ በሩ ላይ ቆሜ አጨበጨብኩለት። ዞር ብሎ ሣቀልኝና ሄደ። በዚያው ቀረ። እማዬ ማታ ብቻዋን ገባች፤ አባትሽ ሩቅ መስመር ላይ ሥራ ተመድቦ ሄዷል አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ፀጉሬን አላበጠረችኝም። ማበጠሪያውን ይዤ ስሄድ እጄን አሞኛል ትለኝና ፊቷን ታዞራለች። እውነትም እጇን የታመመች መስሎኝ ዕቃ አጥብላት ነበር። ዛሬ ሳስበው ያን ሳምንት እኔን ላለመምታት እጇን አስራ ነበር የያዘችው።

መስመሩ ተዘጋ፤ ድሮም ሊዘጉት ምክንያት ይፈልጉ ነበር ይባላል። ቤቱን አስለቅቀውን ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየን። እኔ አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ አባቴ ተራራ ለተራራ የሚሄድ አዲስ ሐዲድ እያየ ነው እያልኩ አወራ ነበር፤ ድልድይ ጨመርኩበት፣ ዋሻ ጨመርኩበት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ክፍሉ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ አላውቅም። እማዬ በወር አንድ እሑድ ንጹሕ ልብስ ጠቅልላ ትሄዳለች፤ ቆሻሻ ልብስ ይዛ ትመለሳለች። አንድም ቀን ልከተልሽ ብዬ አልለመንኳትም፤ መንገዱ ሩቅ ነው ብላኝ ነበርና። እስር ቤቱ ከቤታችን በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ መጣ። ቀጭን ሆኖ፣ ፀጉሩ ሳስቶ። በዱቄት ፋብሪካ ከረጢት የመስፋት ሥራ አገኘ፤ ማታ ሲመጣ ቅንድቡ ነጭ ይሆናል። ዋሻው ረጅም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ አዎ ረጅም ነበር አለኝ። ውሸት የማይወደው ሰው ለእኔ ሲል ያን ውሸቴን ተቀበለልኝ። ሰፊ ከተማ አይደለም፤ ሰው መንገድ ላይ ሲያየው ይሻገራል። እሱም ገና ከሩቅ ሳሉ ይሻገርላቸዋል።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ የቲኬት ቆራጩ ልጅ ክፍላችን ገባች። አንድ ቀን በእርሳስ ተጣልተን፣ የአባቴ ገዳይ ልጅ ነሽ አለችኝ። ሁሉንም ነገረችኝ፤ ሐዲዱን ሳያይ አይቻለሁ ማለቱን፣ በአቋራጭ ቤቱ መግባቱን፣ መታሰሩን። ማን እንደመሰከረበት ግን እሷም አታውቅም። እኔም ያቺን የአልጋዬን ጫፍ፣ ያቺን ከረሜላ ከዚህ ጋር አላገናኘሁትም። እንዴት አላገናኘሽም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን እላለሁ። ለእኔ ያ ቀን ዘጠኝ ሰው የሞተበት ሳይሆን አባቴ ያዘለኝ ቀን ሆኖ ለብቻው ተቀምጦ ነበር።

ቤት ስገባ ጫማውን እየሰፋ ነበር። ደብተሬን ወረወርኩ። «ሦስት ኪሎ ሜትር መሄድ ሰነፍክና ዘጠኝ ሰው ገደልክ» አልኩት።

እማዬ ከምድጃው ዘንድ ብድግ አለች። ልትናገር ነበር፤ አፏ ተከፍቷል። አባዬ እጁን አነሳባት፤ ዝም በይ ማለቱ ነበር። መርፌውን ጫማው ላይ ሰክቶ ወደ እኔ ቀና አለ።

«ልክ ነሽ» አለኝ። «በይ አሁን እራትሽን ብዪ።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል አላናገርኩትም። አንድ ክፍል ውስጥ እየኖርን አላናገርኩትም። ሬዲዮው ተዘጋ። እሱ እንደ ዱሮው ቀለል አድርጎ ሊያስቀኝ ይሞክራል፤ እኔ ግድግዳ ዐያለሁ። አግብቼ ሌላ ከተማ ሄድኩ። ስሄድ ጉንጩን ሳምኩት፤ ዱቄት ዱቄት ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ታሟል ሲሉኝ ሥራ በዛብኝ አልኩ፤ ብሶበታል ሲሉኝ መጣሁ፤ ስደርስ ቀብረውት ተመልሰዋል። ሰው እንደሚያለቅሰው አለቀስኩ፤ የምሕረት ልቅሶ ነበር። ይቅር ብዬው ነበር። እኔ፣ እሱን።

እማዬም ሆድ ይፍጀው ብላ ሞተች። እሷን ላስታምም ተመልሼ እዚሁ ቀርቼ ስለነበር ስትሞት አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ፤ አንዴ አንድ ነገር ልትነግረኝ ጀምራ፣ «አባትሽ አይወድም» ብላ ተወችው። ምኑን እንደማይወድ አልጠየቅኳትም።

ባለፈው ዓመት የእግር መንገዱ ሲሠራ አንዲት ወጣት ሴት ሱቄ መጣች። የማዘጋጃ ቤቱ የቅርስ ቢሮ የድሮ ባቡር ሠራተኞችን ታሪክ እንድትሰበስብ ቀጥሯታል። ትሁት ልጅ ናት። መቅረጫዋን የልብስ መኪናዬ ላይ አስቀምጣ ከልጅነትዎ አንድ የሚወዱት ትዝታ ይንገሩኝ አለችኝ። ሌላ ምን ልነግራት ኖሯል? አዝሎኝ የመጣበትን ሰኞ ነገርኳት። ልጅቷ ሰኞ ስል ግንባሯን ቋጠር አደረገች። በሳምንቱ የአደጋውን መዝገብ ቅጂ በፖስታ ይዛልኝ መጣች። «እርስዎም አሉበት» አለችኝ፤ ደስ የሚለኝ መስሏት።

የእኔ ቃል አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ነው። ሁሉም አለ፤ ቲኬቱ፣ ማሞቂያው፣ ጠጠሩ፣ ከታችም ትልልቅ ፊደሎቼ። የሚቀጥለው ገጽ የአባቴ ነው፤ ቅዳሜ የተያዘ ቃል። የልጁን ቃል እንዳነበቡለት ይላል። ልጄ የምትናገረው ስለ ሰኞ ነው፤ ሰኞ የኮረብታውን በኩል አላየሁም፤ ማክሰኞና ረቡዕ ግን ሁለቱንም አይቻለሁ ብሏል። መርማሪው፣ እንግዲያው ልጅቷ ችሎት ቀርባ በሟቾቹ ቤተሰብ ፊት እንደገና ትጠየቃለች፤ ከሁለት አንዳችሁ ዋሽታችኋል አለው። ቀጥሎ ያለው አንድ መስመር ነው። «ልጅቷን አታምጧት። እሷ እንዳለችው ይጻፍልኝ።» ከዚያ ፊርማው። 

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለእኔ ሃምሳ አንድ ዓመት አደረ፤ ሲጠራም የማሳየው ሰው አልቀረም። ስምንት ቀን ሱቄን አልከፈትኩም። ተኛሁ ማለት አልችልም። «ልክ ነሽ» ያለበትን ድምፁን እየሰማሁ አደርኩ፤ እውነቱን ይዞ፣ በአንድ ቃል ሊያፈርሰኝ እየቻለ፣ እራትሽን ብዪ ያለኝን ሰው።

በዘጠነኛው ቀን ማመልከቻ ጻፍኩ። ሐዲዱ ረቡዕ መታየቱን፣ ቀኑን የቀየርኩት እኔ መሆኔን፣ ሰሌዳው እንዲስተካከል የምጠይቅ መሆኔን። ዛሬ ነይ ነገ ነይ ሲሉኝ፣ ኃላፊው የለም ሲሉኝ ሦስት ወር ሆነ። ባለፈው ማክሰኞ የቢሮው ኃላፊ ራሱ ተቀበለኝ። ልጄ የሚሆን ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ውሃ አዘዘልኝ። ታሪኬን እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ አንዴም አላቋረጠኝም። ከዚያ ቃልዎትን በደንቡ መሠረት ልያዘው ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ልቤ እንደ ልጅነቴ ዘለለ። ሥራዎ አለኝ፤ ልብስ ስፌት አልኩ። ዕድሜ አለኝ፤ ሃምሳ ዘጠኝ አልኩ። ከሟቹ ሐዲድ ጠባቂ ጋር ያለዎት ዝምድና አለኝ።

«ልጁ ነኝ።»

ጣቶቹን ከመጻፊያው ላይ አነሳ። እንዳይከፋኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የቅርብ ዘመድ ቃል መዝገብ አያስቀይርም እናቴ አለኝ፤ ልጅ ለአባቱ ያላደላ ለማን ያደላል፣ ለሁሉም ከፈቀድን የሚቆም ሰሌዳ አይኖርም አለኝ።

«መዝገቡ ላይ ያለው ቃል የእኔው ነው» አልኩት። «ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ያኔም ልጁ ነበርኩ። ተቀብላችሁኛል።»

ሰውዬው መዝገቡን ገለጠ፤ አሥራ አንደኛውን ገጽ አነበበ፤ ትልልቅ ፊደሎቼን ዐያቸው።

«ያኔማ የመሰከሩት በእሱ ላይ ነበራ» አለኝ።

ክፋት አልነበረበትም። ደንቡን ነው ያስረዳኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።